የቲቶ አደራ፦ የቀርጤስ ቤተ ክርስቲያን

ቀርጤስ ከግሪክ ዋና ምድር በስተደቡብ በሜድትራንያን ባሕር ላይ የምትገኝ፣ ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ 260 ኪሎ ሜትር ያህል የምትረዝም ተራራማ ደሴት ናት። የአማርኛ አንባቢ ስሟን የሚያውቀው ከሁሉ አስቀድሞ ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ደቀ መዝሙሩን ቲቶን «የቀረውን እንድታደራጅ» ብሎ የተወው በዚህች ደሴት ነበር። ለእርሱ የተጻፈው መልእክት ሦስት ምዕራፍ፣ 46 ቁጥር ብቻ ነው። ትምህርት፣ ሥርዓትና በጎ ሥራ አንዱ ከሌላው እንዴት እንደሚወለድ በዚህን ያህል አጭር ቃል የሚያሳይ ሌላ የሐዲስ ኪዳን ክፍል ማግኘት ግን ይከብዳል። የደሴቲቱ ቤተ ክርስቲያን ታሪክም በአብዛኛው የዚያ አደራ ታሪክ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በሐዋርያት ሥራ እንደተጻፈው፣ በበዓለ ሃምሳ ቀን የሐዋርያትን ቃል በየቋንቋቸው ከሰሙት መካከል የቀርጤስ ሰዎች ነበሩ። ጳውሎስ ራሱ እስረኛ ሆኖ ወደ ሮም ሲወሰድ መርከቡ በደሴቲቱ ደቡባዊ ዳርቻ፣ መልካም ወደብ በተባለ ስፍራ ቆማ ነበር። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት መሠረት ከመጀመሪያው እስራቱ ከተፈታ በኋላ ከቲቶ ጋር ወደ ቀርጤስ ተመልሶ ሰብኳል። ከዘመናችን ሊቃውንት ብዙዎቹ መልእክቱን ከጳውሎስ በኋላ የመጣ ደቀ መዝሙር እንደጻፈው ያስባሉ፤ አብያተ ክርስቲያናት ግን ከጥንት ጀምሮ የጳውሎስ ብለው ተቀብለውታል።

ቲቶ ለዚህ ሥራ የተመረጠው እንዲያው በአጋጣሚ አይመስልም። ትውልዱ ከአሕዛብ፣ ያልተገረዘ ግሪካዊ ነው። በቆሮንቶስ ጉባኤና በጳውሎስ መካከል ቅሬታ በተነሣ ጊዜ ተልኮ ሄዶ ዕርቅ ይዞ ተመልሷል። በኢየሩሳሌም ለተቸገሩ ምእመናን የሚሰበሰበውንም ገንዘብ እንዲያስፈጽም አደራ የተሰጠው እርሱ ነበር። የተጣላን ማስታረቅና የድኻን ገንዘብ ያለ ነቀፋ መያዝ ከዚያ በፊት የተፈተነባቸው ሥራዎች ናቸው።

የገባባት ምድር ሕግ የማታውቅ አልነበረችም። በሮማውያን ዘመን የደሴቲቱ ዋና ከተማ በነበረችው ጎርቲና ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው ክፍለ ዘመን በድንጋይ የተቀረጸ ሕግ ዛሬም ቆሞ ይታያል። ጽሑፉ በ12 ዓምድ ተከፍሎ ስለ ጋብቻ፣ ስለ ውርስ፣ ስለ ሴቶች ንብረትና ስለ ባሪያዎች ይደነግጋል። አንዱ መስመር ከቀኝ ወደ ግራ ሲሄድ ቀጣዩ ከግራ ወደ ቀኝ ይመለሳል፤ ገበሬ በሬዎቹን ጠምዶ ትልሙን ጨርሶ እንደሚዞረው ማለት ነው። እንግዲህ ቲቶ የመጣው ሕጓን በግድግዳ ላይ ወዳረሰች ከተማ ነው፤ የእርሱ ሥራ ግን በሰው ልብ ላይ ነበር።

መልእክቱ የሚጀምረው ከሹመት ነው። በየከተማው ሽማግሌዎች ይሾሙ ይልና የሚሾመውን ሰው መለኪያ ይዘረዝራል። አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ቢል መልካም ነው። መጀመሪያ የሚጠየቀው ቤቱ ነው፤ ሚስቱና ልጆቹ። ቀጥሎ ጠባዩ ይመዘናል፤ ቁጡ፣ ሰካራም፣ ተደባዳቢ፣ ነውረኛ ረብ የሚወድ እንዳይሆን። እንግዳ ተቀባይ መሆኑም ይታያል። የተማረውን ቃል አጽንቶ የመያዝና የማስተማር ችሎታው የሚነሣው ከዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ነው። ይህ ትምህርትን ማሳነስ አይደለም። ትምህርቱ አስቀድሞ በሰውዬው ቤት፣ ገበታና ኪስ ውስጥ ሥራውን ሠርቶ መታየት አለበት ማለት ይመስለኛል። ስለ ሐሰተኞች መምህራን የሚሰጠው ማስጠንቀቂያም በዚሁ መንፈስ የተጻፈ ነው፤ ለረብ ሲሉ የማይገባውን እያስተማሩ ቤተሰብን በሞላው ይገለብጣሉ ይላል። የስሕተት ትምህርት ጉዳቱ የሚቆጠረው በፈረሰ ቤት ነው።

«ጤናማ ትምህርት» የምንለው አነጋገር መነሻ በግሪክኛው ከሕመም ነጻ ስለሆነ ሰውነት የሚነገር ቃል ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ «ሕይወት የሚገኝበት ትምህርት» ብሎ ተርጉሞታል፤ እኔ ይህን አተረጓጎም እጅግ እወደዋለሁ። ከዚህ ቃል ቀጥሎ መልእክቱ ወደ ረቂቅ ክርክር አይገባም፤ ወደ ሰዎች ኑሮ ይወርዳል። አረጋውያን ወንዶች፣ አሮጊቶች፣ ቆነጃጅት፣ ጎልማሶች፣ ባሪያዎች ሁሉም በየፊናቸው ይመከራሉ። አሮጊቶች በጎ የሆነውን እንዲያስተምሩ መታዘዛቸው፣ ማስተማር ለተሾሙት ብቻ እንዳልተተወ ያሳያል።

በጎ ሥራ በእነዚህ 46 ቁጥሮች ውስጥ ስድስት ጊዜ ይነሣል። ቅደም ተከተሉ ግን ግልጽ ነው፤ እግዚአብሔር ያዳነን ስለ ምሕረቱ እንጂ ስላደረግነው ሥራ አይደለም ካለ በኋላ ነው ያመኑት በመልካም ሥራ እንዲጸኑ የሚያዝዘው። መጨረሻ ላይም ምሳሌውን በእጅ ይሰጣል፦ ሕግ አዋቂው ዜናስና አጵሎስ መንገድ ሊሄዱ ነውና ምንም እንዳይጎድልባቸው ተግተህ ርዳቸው። ስንቅ ማለት ነው። ከታላቁ የድኅነት ቃል ወደ መንገደኛ ስንቅ ለመድረስ ጥቂት መስመሮች በቅተዋል። በቅዳሴያችን ዲያቆኑ ከጳውሎስ መልእክታት ሲያነብ ብዙ ጊዜ ሳናስተውል የምናልፈው እንዲህ ያለውን ነገር ነው።

አደራው ፍሬ ማፍራቱን ከመቶ ዓመት ያህል በኋላ እናያለን። በ170 ገደማ የቆሮንቶስ ኤጲስ ቆጶስ ዲዮናስዮስ ለቀርጤስ አብያተ ክርስቲያናት ደብዳቤዎች እንደጻፈ የታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ ይነግረናል። ለጎርቲና በጻፈው ላይ ኤጲስ ቆጶሱን ፊልጶስን ያመሰግናል፤ ቤተ ክርስቲያኑ በብዙ በጎ ምግባር የተመሰከረላት ነበረችና። ከመናፍቃን ጠማማነት እንዲጠበቁም ያሳስባል። ፊልጶስ ራሱ ብሉይ ኪዳንን ባልተቀበለው መምህር በመርቅዮን ኑፋቄ ላይ መጽሐፍ የጻፈ ሰው ነው። ምስጋናው ለምግባር፣ ማስጠንቀቂያው ለትምህርት መሆኑ ልክ እንደ ቲቶ መልእክት ነው።

በዚያችው ደሴት ላለችው ለክኖሶስ ከተማ የጻፈው ደግሞ የበለጠ ይማርካል። ዲዮናስዮስ የክኖሶሱን ኤጲስ ቆጶስ ፒኒቶስን የንጽሕና ሕግ ብሎ ከባድ ቀንበር በወንድሞች ላይ እንዳይጭን፣ የብዙዎችንም ድካም እንዲያስብ መከረው። ፒኒቶስ ምክሩን በአክብሮት ተቀበለ፤ ነገር ግን ሕዝቡ በወተት ትምህርት ብቻ ሳያድግ እንዳያረጅ፣ ጠንከር ያለ ምግብ ጨምረህ ላክልን ሲል መለሰለት። ሁለቱም እውነት ነበራቸው። ሥርዓት ከሰው አቅም በላይ ሲሆን ይሰብራል፤ ትምህርትም ሲሳሳ ምእመናንን ልጆች አድርጎ ያስቀራል። ሁለት ኤጲስ ቆጶሳት ይህን ሳይካሰሱና ሳይወጋገዙ በደብዳቤ መነጋገራቸው ራሱ የሥርዓት ትምህርት ነው።

በ250 በንጉሡ ዳክዮስ ስደት አሥር ክርስቲያኖች በጎርቲና ተሰይፈዋል፤ በአቅራቢያው ያለው መንደር እስከ ዛሬ «ቅዱሳን አሥርቱ» እየተባለ ይጠራል። በ8ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በጎርቲና መንበር የተቀመጠው የደማስቆው ተወላጅ እንድርያስ፣ የምሥራቅ ኦርቶዶክሳውያን በዐቢይ ጾም የሚጸልዩትን ታላቁን የንስሐ ቀኖና የተባለውን ረጅም የዝማሬ ጸሎት የደረሰ ነው። ከዚያ በፊት በቁስጥንጥንያ ዲያቆን ሳለ የሙት ልጆች ማሳደጊያ ያስተዳድር ነበር።

በ820ዎቹ ዐረቦች ደሴቲቱን ያዙ፤ ቢዛንታውያን በ961 መለሷት። ጎርቲና ፈርሳ ስለቀረች መንበሩ ወደ ዛሬዋ ኢራክሊዮን ተዛወረ። ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የገዟት ቬኒስያውያን የኦርቶዶክስ ኤጲስ ቆጶሳት በደሴቲቱ እንዳይቀመጡ ከለከሉ። ክህነት የሚፈልግ ሁሉ ባሕር ተሻግሮ መሾም ነበረበት። «በየከተማው ሹም» የተባለው ትእዛዝ እዚያው በተሰጠበት ምድር ከአራት መቶ ዓመታት በላይ ታገደ ማለት ነው። ኦቶማኖች በ1669 ኢራክሊዮንን ሲይዙ ቬኒስያውያን የቅዱስ ቲቶን የራስ ቅል ይዘው ሄዱ፤ የተመለሰው በ1966 ነው።

ዛሬ የቀርጤስ ቤተ ክርስቲያን በቁስጥንጥንያ ፓትርያርክ ሥር በከፊል ራሷን የቻለች ናት፤ አንድ ሊቀ ጳጳስና ስምንት ሜትሮፖሊታኖች ያሉበት ሲኖዶስ አላት። በ1968 በኮሊምባሪ የተከፈተው የቀርጤስ ኦርቶዶክስ አካዳሚ በ2016 የኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናትን ታላቅ ጉባኤ አስተናግዷል። አካዳሚውን ካቋቋሙት አንዱ የኪሳሞስ ሜትሮፖሊታን ኢሪኔዎስ ናቸው።

የእኚህ አባት ስም በደሴቲቱ የሚነሣው ግን ከአካዳሚው ይልቅ ከመርከብ ጋር ነው። ቅዱስ ቲቶ በተመለሰበት በዚያው ዓመት፣ በአውሮፓውያን ዲሴምበር 8 ሌሊት ከቀርጤስ ወደ አቴና ወደብ ወደ ፒሬዎስ ትጓዝ የነበረች መርከብ ሰጠመች። በአግባቡ ያልታሰረ ከባድ መኪና በማዕበሉ እየተንሸራተተ በሯን ሰብሮ ውኃ አስገብቶባት ነበር። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። ኢሪኔዎስ በልቅሶ ብቻ አልተመለሱም። በቀጣዩ ዓመት ሕዝቡ ራሱ መርከብ እንዲኖረው ከሌሎች ጋር ሆነው አነሣሡ። ገበሬውም፣ ባለ ሱቁም፣ ሠራተኛውም ከያለው ቆጥሮ አክሲዮን ገዛ። አኔክ የተባለው የመርከብ ኩባንያ የተወለደው እንዲህ ነው።