«በፋሲካ የተዳረች ሁልጊዜ ፋሲካ ይመስላታል»፦ የአባባሉ ምንጭና ትርጓሜ

ይህን አባባል ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ድሬዳዋ፣ ለገሃር አካባቢ በነበረው ግቢያችን ውስጥ፣ በፋሲካ ማግስት ነው። እኛ ልጆች የዶሮውን ወጥ ድስቱን ጠርገን ከጨረስን በኋላ ሌላ ዶሮ ይታረድልን ብለን አያቴን ስናስጨንቃት፣ ሽንኩርት ከምትከትፍበት ቀና ብላ «ልጆቼ፣ በፋሲካ የተዳረች ሁልጊዜ ፋሲካ ይመስላታል» አለችና ሽሮዋን ጣደች። በቤታችን የተዳረች ሙሽራ ስላልነበረች ስለ ማን እንደምትናገር አልገባንም፤ ነገር ግን ዶሮ እንደማይታረድ በሚገባ ተረዳን።

አባባሉ በጥቅሉ ሲተረጎም፣ ወደ አንድ ኑሮ በደጉ ቀን የገባ ሰው ያ ደግ ቀን የኑሮው ወትሮ ይመስለዋል ማለት ነው። አዲስ ሥራ የያዘ ወጣት የመጀመሪያ ደመወዙን በአንድ ሳምንት ሲበትን፣ ነጋዴ የበዓል ሰሞን ገበያን የዓመቱ ገበያ አድርጎ ቆጥሮ በብድር ሱቅ ሲያስፋፋ፣ አንድ ሰሞን የተንከባከቡት እንግዳ ክብካቤው እንደማይቋረጥ ሲያምን፣ ሽማግሌዎች የሚሰነዝሩት ይህንኑ ነው። በሹመትና በፖለቲካ ወሬ ውስጥም ይገባል። እኔ ግን ከሁሉ በፊት የጓዳ አባባል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሙሉ ትርጉሙ የሚገለጠው በድስቱ፣ በቅቤውና በወሩ መጨረሻ ሲመዘን ነው።

ምንጩን ለመረዳት ባሕረ ሐሳብን፣ ማለትም ጾምና በዓል የሚወጣበትን አቆጣጠር፣ ማየት ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል አይበላም፤ ሠርግም አይደገስም። ስለዚህ በጥር ያልተደገሰ ሠርግ ሁዳዴን አሳልፎ ፋሲካን ይጠብቃል፤ ብዙ ቤተሰብም ከፋሲካው በሳምንቱ በሚውለው በዳግም ትንሣኤ ልጁን ይድራል። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ያሉት 50 ቀናት ደግሞ በዓለ ሐምሳ ይባላሉ፤ በእነዚህ ቀናት በሌላ ጊዜ የሚጾሙት ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾሙም።

እንግዲህ በዚህ መካከል የተዳረችን ልጅ እናስብ። ሙሽራ በጫጉላዋ ሰሞን አትጋግርም፣ ውሃም አትቀዳም፤ ሚዜዎች ይመጣሉ፣ መልስ ይጠራል፣ ቅልቅል ይደገሳል፣ ዘመድ ሁሉ የቻለውን ይዞ ይጎበኛታል። ረቡዕ ሲመጣ ሥጋ ይቀርባል፤ ዓርብ ሲመጣም እንዲሁ። ወደ ባሏ ቤት ከገባች ጀምሮ ጾም የሚባል አላየችም፤ ጓዳውን ሞልቶ እንጂ ጎድሎ አልተመለከተችም። ከእናቷ ቤት ጾሙን ሁሉ ታውቀዋለች፤ የአዲሱን ቤት አቅም ግን የምትለካበት ሌላ ቀን ገና አላገኘችም። አባባሉ «ይመስላታል» ማለቱ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው፤ ሆዳም ናት፣ አባካኝ ናት አላለም፤ ያየችው ብቻ እውነት መስሏት ተሳሳተች አለ እንጂ።

የ2017 ዓ.ም. አቆጣጠር ነገሩን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ሁዳዴ የካቲት 17 ገባ፤ ፋሲካ ሚያዝያ 12 ዋለ፤ ጰራቅሊጦስ እሑድ ሰኔ 1 ሆነ፤ በማግስቱም፣ ሰኞ ሰኔ 2፣ የሐዋርያት ጾም ገባና የጴጥሮስና የጳውሎስ በዓል እስከሚውልበት እስከ ሐምሌ 5 ዘለቀ። በዳግም ትንሣኤ የተዳረች ሙሽራ ስድስት ሳምንት ሙሉ ሰንበት ስታከብር ቆይታ በአንድ ሌሊት ከሥጋ ወደ ሽሮ ወረደች ማለት ነው። ከዚህ ጋር ሰኔን ራሱን ልብ ይሏል። ገበሬው ያለፈውን መኸር በልቶ ወደ መጨረሻው የደረሰበት፣ የቀረውንም ለዘር የሚያወጣበት ወር ነው። ስለዚህ በሰኔ ሙሽራዋን የሚያገኛት የጾም ትእዛዝ ብቻ አልነበረም፤ ጎተራውም አብሮ ይነጥፍ ነበር። አባባሉ ሰኔን በስሙ ባይጠራውም፣ እኔ ባነበብኩት ቁጥር ከበስተጀርባው ሰኔ ቆሞ ይታየኛል።

ስለ ሐዋርያት ጾም የሚጠቀሰው የወንጌል ቃል ራሱ በሠርግ ቋንቋ የተነገረ ነው፤ ሙሽራው አብሯቸው ሳለ ሚዜዎቹ እንደማያዝኑ፣ ሙሽራው ከእነርሱ በሚወሰድበት ወራት ግን እንደሚጾሙ ይናገራል። ይህን ሲሰማ ያደገ ሕዝብ ሙሽራን፣ ፋሲካንና ጾምን በአንድ አባባል ቢያገናኛቸው አይገርመኝም። «ፋሲካ» የሚለው ቃልም ቢሆን ከዕብራይስጡ ፔሳሕ በግሪክ በኩል ወደ እኛ የደረሰ ሲሆን ትርጉሙ ማለፍ፣ መሻገር ነው፤ የትንሣኤ ማግስት ሰኞም በቤተ ክርስቲያን ማዕዶት ትባላለች፣ መሻገሪያ ማለት ነው። እንግዲህ ሙሽራዋ በስሙ «ማለፍ» የሚባለውን ነገር የማያልፍ አድርጋ ቆጠረችው።

አባባሉ የተወለደው ጎተራ ባለበት አገር ነው፤ ድሬዳዋ ግን ጎተራ የላትም። ከተማዋ የተቆረቆረችው ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ወደ ሐረር የሚያወጣውን ዳገት ትቶ በሜዳው ላይ በቆመበት በ1895 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያም በባቡሩና በንግዱ ምክንያት ከየአውራጃው የመጣው ሰው በደመወዝና በዕለት ሽያጭ መኖር ጀመረ። የባቡር ሠራተኛ ሚስት የነበረችው አያቴ ጎተራዋ በየወሩ የሚመጣው ደመወዝ ነበር። ጎተራ ሲጎድል በዓይን ይታያል፤ እጅን ሰድዶ መለካትም ይቻላል። ደመወዝ ግን ሲያልቅ የሚታየው በሰፈሩ ባለሱቅ የዱቤ ደብተር ላይ ነው፣ ያውም ካለቀ በኋላ። ለዚህ ነው የገጠሩ አባባል በከተማችን ይበልጥ የሚያስፈልገው ብዬ የማስበው።

አያቴ በዓል አትንቅም ነበር፤ ይህን አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም አባባሉን በዓልን ለማሳነስ የሚጠቅሱት ሰዎች ያሳዝኑኛል። እሷ ቀኑን በሙሉ ልብ ታከብረው ነበር፤ የምታደርገው የቀኑን ልክ ማወቅ ብቻ ነው። ቅቤ የምትገዛው ጾመኛው ሁሉ ስለማይነካው ፈላጊ በሚቀንስበት በሁዳዴ ወር ነበር፤ በድሬ ሙቀት ጥሬ ቅቤ ውሎ ስለማያድር ያንኑ ዕለት በኮረሪማ፣ በአብሽና በኮሰረት አንጥራ ታስቀምጠዋለች። ሽንኩርቱን ከቀፊራ ገበያ የምታመጣው በዓሉ ከመግባቱ አስቀድማ ነው፤ የዋዜማ ሽንኩርት የሚገዛ ሰው የሌላውን ችኮላ ጭምር ይገዛል ትል ነበር። ዶሮዋን 12 ብልት አውጥታ በሎሚና በጨው ደጋግማ ካጠበች በኋላ፣ የትኛው ብልት ለማን እንደሚደርስ ወጡ ሳይጣድ ታውቃለች፤ እንቁላሉም በራስ ቆጠራ ነው የሚገባው። ስለዚህ ከእሷ ማዕድ ማንም ጎድሎበት አይነሣም፣ ተርፎም የሚደፋ የለም።

ሥጋው የቅርጫ ነበር። የግቢው አባወራዎች ገንዘብ አዋጥተው አንድ ሰንጋ ይገዙና ፀሐይ ሳትበረታ፣ ገና ጎሕ ሲቀድ፣ ያርዳሉ፤ ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ናት፣ ወደ 1,900 ሜትር በሚጠጋው የሐረር ከፍታ ላይ እንደሚደረገው ሥጋን አሳድሮ መተው አይቻልም። ቅጠል መሬት ላይ ይነጠፍና መደቦቹ በተርታ ይደረደራሉ፤ ከጉበቱም፣ ከጨጓራውም፣ ከሻኛውም፣ ከጎድኑም ለእያንዳንዱ መደብ እየተቆረጠ ይጨመራል። አንዱ ሲበዛ ከዚያ ተነሥቶ ባነሰው ላይ ይጣላል። በመጨረሻ እያንዳንዱ አባወራ አንድ ምልክት ይሰጣል፤ አንዱ የበር ቁልፍ፣ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ የሸሚዝ ቁልፍ፤ ሲከፋፈል ያላየ ልጅ ይጠራና ምልክቶቹን በየመደቡ ላይ ያኖራል። ያ ልጅ ለብዙ ዓመት እኔ ነበርኩ። የያዝኩት ነገር ቀላል እንዳልሆነ የሚነግረኝ የሽማግሌዎቹ ዝምታ ነበር። አንድ ቤት ብቻውን በግ ከሚያርድበት ገንዘብ ባነሰ ዋጋ እያንዳንዱ ቤት የበሬ ሥጋ በልቶ የሚያስተርፈው በዚህ መንገድ ነው። ከአያቴ ድርሻ ዱለቱ የዚያው ቀን ነበር፤ አጥንቱ የማግስት ቅቅል ይሆናል፤ ቀዩን ሥጋ ግን በረጅሙ ዘልዝላ፣ በጨውና በበርበሬ አሽታ በውስጥ ክፍል በተወጠረ ገመድ ላይ ትሰቅለዋለች። ሥጋን የሚያበላሸው የድሬ ሙቀት ዝልዝሉን በቀናት ውስጥ ቋንጣ ያደርገዋል።

በግቢያችን ሙስሊም ጎረቤቶችም ነበሩን፤ እነርሱም የአባባሉን ቁም ነገር ያለ ማብራሪያ ያውቁታል። ሥጋችን ለየብቻ ቢሆንም በሮመዳን የሳምቡሳና ሙሸበክ የሚባለው ጣፋጭ ሳህን ወደ እኛ ይመጣል፤ በፋሲካ ድፎ ዳቦ ተቆርሶ ወደ እነርሱ ይሄዳል፤ ሳህን ባዶውን አይመለስም። በ2017 ዓ.ም. ሁዳዴ ከገባ ከአምስት ቀን በኋላ፣ የካቲት 22፣ ሮመዳን ስለገባ ሁለቱም ወገን በአንድ ሰሞን ጾመ። በሐረር ደግሞ ከዒድ አልፈጥር በኋላ ስድስት ቀን ተጨማሪ ጾም ተጹሞ ሹዋሊድ ይከበራል፤ ዩኔስኮም ይህን በዓል በ2016 ዓ.ም. በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። በዒድ ማግስት እንደገና ወደ ጾም የሚመለስ ሕዝብ ሁልጊዜ ዒድ አይመስለውም፤ ሁለተኛው በዓሉም የሚደምቀው በዚያ ስድስት ቀን ነው።

አሁን ወደ «ተዳረች» ልመለስ። ግሡ ራሷ አገባች አይልም፤ ሌሎች ዳሯት ነው የሚለው። ቀኑን የመረጡት፣ ድግሱን የደገሱት፣ ለድግሱም የተበደሩት እነርሱ ናቸው። አባባሉ ዘወትር የሚወረወረው ወደ ሙሽራዋ መሆኑ ቅር ያሰኘኛል፤ የምትሳሳተው የነገራት ስለሌለ ነውና። እኔ ራሴ የተዳርኩት በዳግም ትንሣኤ ነው። ከሠርጉ በኋላ ባሉት ሳምንታት ባለቤቴና እኔ በየቀኑ እንግዳ ስንቀበል፣ ሥጋ ሲያልቅ ሥጋ፣ ለስላሳ ሲያልቅ ሳጥን ለስላሳ ስናመጣ፣ የደረሰኝ ዕቁብ በግንቦት አጋማሽ አለቀ፤ የቀረውን ከሰፈሩ ሱቅ በዱቤ ሞላነው። በየማታው የሰው ፊት ሲያበራ እያየሁ ይህ የቤታችን መልክ እንደሆነ አምኜ ነበር። ሰኔ ሲገባ የቤት ኪራይና የዱቤው ሂሳብ በአንድ ሳምንት ደረሱ፤ ባለቤቴም እኔም ደብተሩን ከፊታችን ዘርግተን አንዳችን ሌላችንን ማየት ከበደን።

አያቴ የመጣችው በዚያ ሰሞን ነው። አባባሉን ትነግረኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አልተናገረችውም። ጓዳዬን አይታ፣ ስንት ኪሎ ጤፍ እንደቀረኝ፣ ደመወዛችን በስንተኛው ቀን እንደሚመጣ፣ ለሱቁ በየወሩ ስንት ብንከፍል በስንት ወር እንደምንጨርስ ጠየቀችኝና በአንድ ወረቀት ላይ አጻፈችኝ። ከዚያ ከነጠላዋ ሥር አንድ የኒዶ ጣሳ አወጣች፤ ክዳኑ በላስቲክ ተጠፍንጎ ታስሯል። በፋሲካ ቅርጫ ከደረሳት ድርሻ ያደረቀችው ቋንጣ ነበር።

«ይህን አሁን አትንኪው፣ ልጄ፤ ጾም ነው። ከመደርደሪያው ላይ አስቀምጪው።»

ጣሳው ከሽሮው ዕቃ አጠገብ 33 ቀን ተቀመጠ። ሐምሌ 5 ጠዋት ላስቲኩን ስፈታ የበርበሬው ሽታ ክፍሉን ሞላው፤ ቋንጣውን ሰባብሬ፣ በሁዳዴ በተነጠረው በአያቴ ቅቤ አቁላልቼ፣ በትናንቱ እንጀራ ፈርፍሬ ለሁለታችን አቀረብኩ። ከሱቁ ዕዳ የመጀመሪያውን ክፍያ የከፈልነውም በዚያው ሳምንት ነበር።