ባለ ሁለት ንብርብር የኳንተም ሆል ኤሌክትሮኖች ምንድን ናቸው? መቼስ አንድ ይሆናሉ?

ኮምቦልቻ ኤሌክትሪካል የሚማረው የእህቴ ልጅ ቅዳሜ ደሴ መጥቶ ቡና እየጠጣን፣ "አክስቴ፣ ሁለት ቦታ የተለያዩ ኤሌክትሮኖች አንድ ይሆናሉ የሚባለው እንዴት ነው? መሃላቸው ግርዶሽ አለ እኮ!" አለኝ። ደስ የሚል ጥያቄ ነው። ለእሱ የነገርኩትን ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

መጀመሪያ አንዱን ንብርብር እንያዝ። ኤሌክትሮኖቹ በሴሚኮንዳክተር ውስጥ በጣም ስስ ሜዳ ላይ ታስረዋል፣ ወደ ላይም ወደ ታችም መውጫ የላቸውም። ከባድ ቅዝቃዜ ውስጥ ኃይለኛ መግነጢሳዊ መስክ ሲያርፍባቸው ክብ ክብ ይዞራሉ፣ ሜዳውም እንደ አዳራሽ የተቆጠረ መቀመጫ ይኖረዋል። መስኩ በጨመረ ቁጥር መቀመጫው ይበዛል። መቀመጫው ልክ ሲሞላ የሆል ሬዚስታንሱ (ወደ ጎን የሚፈጠረው ቮልቴጅ ለሚሄደው ከረንት ሲካፈል) 25,812.8 ኦም ላይ ድርቅ ብሎ ይቆማል። ጀርመናዊው ፊዚሲስት ክላውስ ፎን ክሊትሲንግ ይህን የመሰለ መቆም በ1980 (እ.ኤ.አ.) አይቶ በ1985 ኖቤል ተሸለመበት። ግማሹ መቀመጫ ብቻ ሲያዝ ግን እንዲህ ያለ መቆም የለም፤ ኤሌክትሮኖቹ ዝም ብለው እንደ ፈሳሽ ይሄዳሉ።

አሁን ሁለተኛ ፎቅ እንጨምር። ሁለት ስስ የጋሊየም አርሰናይድ ሜዳዎች አሉ፣ መሃላቸው አሉሚኒየም የተቀላቀለበት ግርዶሽ ነው፣ በአንዱ ታዋቂ ናሙና ርቀታቸው 28 ናኖሜትር ያህል ነው። በእያንዳንዱ ፎቅ ግማሽ መቀመጫ ተይዟል እንበል።

ወለሉ ወፍራም ሲሚንቶ ከሆነ የላይኛው ስለ ታችኛው ምንም አይሰማም። ሁሉም ከጎኑ ካለው ጋር ብቻ እየተሸሻሸ ይቀመጣል። ይህ አንደኛው ሁኔታ ነው፦ ሁለት የማይተዋወቁ ፈሳሾች። ወለሉን ግን እንደ አሮጌ ፎቅ ቤት ሳንቃ አድርጉት፣ የላይኛው ኮቴ ሁሉ ታች ይሰማል። ኤሌክትሮኖች ስለሚገፋፉ፣ ላይ አንዱ የተቀመጠበት ትይዩ ታች ባዶ ይሆናል፣ ታች የተያዘው ደግሞ ላይ ባዶ ይተዋል። ግማሽና ግማሽ ስለሆነ ሒሳቡ ልክ ይገጥማል። ኤሌክትሮኑና ከትይዩው ያለው ባዶ ቦታ ጥንድ ይሆናሉ፣ ጥንዱ ኤክሳይተን ይባላል።

የፎቁ ምሳሌ እስከዚህ ድረስ ነው የሚያገለግለው። ምክንያቱም እውነተኛው ነገር ከዚህ ይበልጣል፦ እያንዳንዱ ኤሌክትሮን በአንድ ጊዜ ላይም ታችም ነው፣ ሁሉም ደግሞ የሠርግ ጭብጨባ ሲገጥም እንደሚሆነው በአንድ ምት። "ይሄኛው የየትኛው ፎቅ ነው?" ብትሉ መልስ የለውም። ያን ጊዜ ግማሽና ግማሹ ተደምሮ አንድ ሙሉ ይሆናል፣ የጠፋው 25,812.8 ኦምም ተመልሶ ይመጣል።

እኔ በጣም የምወደው ክፍል ሽግግሩ ነው። ቅርብና ሩቅ የሚባለው በናኖሜትር ብቻ አይለካም፤ ኤሌክትሮኑ ከሚዞርባት ክብ ስፋት ጋር ነው የሚወዳደረው። ያቺ ስፋት መስኩ 2 ቴስላ (የመስክ ጥንካሬ መለኪያ) ሲሆን 18 ናኖሜትር ገደማ ናት፣ 3 ቴስላ ላይ ወደ 15 ትጠባለች። 28ን ለ18 ብናካፍል 1.55፣ ለ15 ብናካፍል 1.9 ገደማ ይመጣል። ድንበሩ ደግሞ 1.8 አካባቢ ነው! ስለዚህ ናሙናው ሳይነካ፣ መስኩን ቀነስ፣ ግማሽነቱ እንዳይዛባ የኤሌክትሮኑንም ቁጥር በቮልቴጅ አብሮ ቀነስ ስናደርግ፣ ሁለቱ ፎቆች "ይቀራረባሉ"። ግርዶሹ ግን ያው ነው።

ማስረጃውስ? በ2000 እነ ስፒልማንና አይዘንስታይን በአሜሪካው ካልቴክ ዩኒቨርሲቲ ከፎቅ ፎቅ የሚዘለውን ከረንት ለኩ። ፎቆቹ ሲራራቁ ዜሮ ቮልቴጅ አጠገብ መዝለል ታፍኖ ነበር፣ የመጣው ኤሌክትሮን ቦታ የሚለቅለት የለማ። ድንበሩ ሲታለፍ ግን እዚያው ዜሮ ላይ ረጅም ሹል ጫፍ ብቅ አለ። ቦታው አስቀድሞ ተዘጋጅቶለታል። በ2004 ደግሞ በሁለቱ ፎቆች ከረንት በተቃራኒ አቅጣጫ ሲላክ የሆል ቮልቴጁ ጠፋ፣ ምክንያቱም የሚሄደው ጥንዱ ነው፣ ጥንዱ ቻርጅ ስለሌለው መስኩ ወደ ጎን አይገፋውም።

ከዚያ ወዲህ ሥራው ወደ ግራፊን (የአንድ አቶም ውፍረት ብቻ ያለው የካርቦን ንጣፍ) ዞሯል። እዚያ ግርዶሹን ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ማድረግ ስለሚቻል ጥንዶቹ በጣም ይጠብቃሉ፣ ከጋሊየም አርሰናይዱ በላቀ ሙቀትም ሳይፈርሱ ይቆያሉ። መስኩ ሲለወጥ ያው ጥንድ ከጥብቅ ወደ ላላ ሲሸጋገር ማየትም ተችሏል።