የምርምር ሕንፃ ቧንቧ የገባለት መማሪያ ክፍል አይደለም

ደብረ ብርሃን ላይ ኬሚስትሪው፣ ባዮሎጂው፣ ፊዚክሱና ግብርናው የሚጋሩት የምርምር ሕንፃ ሲነሳ ሁሌም አንድ ንግግር ይከተላል፦ «ሕንፃው ይቁም እንጂ ዕቃው በኋላ ይገባል»። ይህን መስማት ሰልችቶናል። ለዕቃው የሚያስፈልገው ቀዳዳ፣ የአየር ማውጫና መሠረት ኮንክሪት ሳይሞላ ካልታሰበ፣ ዕቃው ቢገባም አይሠራም።

«ሁድ ከተገዛ ትነቱ ይወጣል»። ትልቁ ስሕተት ይኸ ነው። ሁድ ማለት የኬሚካል ትነት ወደሚሠራው ሰው እንዳይደርስ አየር እየሳበ ወደ ውጭ የሚያወጣ፣ ፊቱ በሚከፈት መስታወት የሚሸፈን የሥራ ሣጥን ነው። ሁድ የክፍሉን አየር ስቦ ያወጣል እንጂ አየር አይፈጥርም። 1.5 ሜትር ስፋት ያለው ሁድ፣ መስታወቱ 45 ሳንቲ ሜትር ተከፍቶ አየሩ በሰከንድ 0.5 ሜትር ሲገባ፣ በሰዓት 1,200 ሜትር ኩብ ገደማ ይስባል። አሥር ሁድ 12,000 ይወስዳል። ምትክ አየር የሚያስገባ ማሽን ከሌለ በሩን ለመክፈት ትግል ይሆናል፤ ሁዶቹም አየር ይሻማሉ፤ የተሸነፈው ሁድ የአሲዱን ትነት ወደሚሠራው ሰው ፊት ይመልሳል። መስኮት መክፈትም አያድንም፤ ነፋሱ የሁዱን አፍ አቋርጦ ሲያልፍ ትነቱን ወደ ክፍሉ ጠርጎ ያወጣዋል። ደግሞስ በታኅሣሥ ውርጭ ማን መስኮት ከፍቶ ይውላል? ምትክ አየሩ ተጣርቶና ሞቆ ይግባ፤ ሽታ ወደ ኮሪደር እንዳያመልጥ መጠኑ ከሚወጣው ጥቂት ይነስ። ሲረከቡ ስስ የወረቀት ቁራጭ በመስታወቱ ጠርዝ ያንጠልጥሉ፤ ወደ ውስጥ ካልሳበው አይረከቡ።

«ባዮሎጂውም በዚያው ሁድ ይሥራ»። አይሆንም። ሁድ ያልተጣራ የክፍል አየር በናሙናው ላይ ያሳልፋል። የጀርም ሥራ የባዮሴፍቲ ካቢኔት፣ ማለትም አየሩን አጣርቶ ናሙናውንም ሠራተኛውንም የሚጠብቅ ሣጥን፣ ይፈልጋል።

«ጄኔሬተር አለ»። እስኪነሳ ባሉት ሰከንዶች መለኪያ መሣሪያው ይጠፋል፤ ዩፒኤስ (መብራት ሲቋረጥ ወዲያው ከባትሪ ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ) የግድ ነው። ከፍታው የሞተሩን ጉልበት ስለሚቀንስም በደብረ ብርሃን የሚሰጠውን ኃይል ሻጩን በጽሑፍ ይጠይቁ።

«ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የትም ፎቅ ይቀመጣል»። ቦታው ምድር ላይ፣ ከሕንፃው ወለል በተለየ የኮንክሪት ንጣፍ ላይ ነው። ጥቁር አፈሩ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ ተቆፍሮ ወጥቶ በተመረጠ አፈር ይተካ።

«አውቶክሌቭ የትም አንድ ነው»። አውቶክሌቭ ዕቃን በግፊት ባለ እንፋሎት የሚያመክን ማሽን ነው። ደብረ ብርሃን ባለችበት፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ፣ ውሃ በ91 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የግፊት መለኪያው (ጌጁ) የሚያሳየው ከውጭ አየር የበለጠውን ግፊት ብቻ ስለሆነ፣ በባሕር ጠለል 121 ዲግሪ የሚሰጠው 1.05 ባር እዚህ 116 ገደማ ላይ ይቆማል። የ15 ደቂቃው ማምከን የሚሠራው የሥራውን ሲሶ ያህል ነው። ጌጁ 1.33 ባር ገደማ ይድረስ፤ ማሽኑ ያን ግፊት መቻሉ ከመግዛት በፊት ይረጋገጥ፤ ደቂቃውም ቴርሞሜትሩ 121 ካሳየ በኋላ ይቆጠር።