የማስመሰል ጨዋታ ምንድን ነው?

አንድ ዓመት ተኩል የሆናት ልጅ ከረከቦቱ ላይ ባዶ ሲኒ ታነሳለች፤ «እፍ፣ እፍ» ብላ ታበርደዋለች፤ ፉት ትልና ቀና ብላ እናቷን እያየች ትስቃለች። ሲኒው ውስጥ ምንም የለም፤ እንደሌለም አሳምራ ታውቃለች። የሕፃናት ዕድገት አጥኚዎች የማስመሰል ጨዋታ የሚሉት ይህንን ነው፤ የሌለውን እንዳለ፣ አንዱን ዕቃ እንደ ሌላ፣ ራስን እንደ ሌላ ሰው አድርጎ መጫወት። ከፍ ያሉት ልጆች በየደጁ የሚጫወቱት እቃቃ የዚሁ የበሰለ መልክ ነው።

ከምልክቶቹ ሁሉ ሳቁን ልብ ይሏል። የስዊዘርላንዱ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዣን ፒያዤ (1896–1980) ልጆቹ በሕፃንነታቸው የሚያደርጉትን በማስታወሻ ይይዝ ነበር። ሴት ልጁ ዣክሊን አንድ ዓመት ከሦስት ወር ሲሆናት ዘርፍ ያለው ጨርቅ አየች፤ ትራሷን ሳያስታውሳት አልቀረም። ጨርቁን ጨበጥ አድርጋ፣ አውራ ጣቷን እየጠባች በጎኗ ጋደም አለችና ሳቀች። እንቅልፍ የመጣበት ልጅ እንዲህ አይስቅም። መተኛትን እየተጫወተች ነበር።

ጅማ ውስጥ ይህ ጨዋታ ብዙ ጊዜ በቡና ቢጀምር አያስገርምም። ከሚቆላው ቡና ጢስ እስከ ዘነዘናው ድምፅ ድረስ ነገሩ ሁሉ በልጁ ዓይን ሥር ይከናወናል፤ ሕፃን ደግሞ የሚያስመስለው ያየውን ነው። በመጀመሪያ፣ ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ፣ ጨዋታው በልጁ በራሱ ላይ ይሽከረከራል፤ ባዶውን ይጠጣል፣ ዓይኑን ጨፍኖ የተኛ ይመስላል። ቀጥሎ ሌላ ተሳታፊ ይገባበታል፤ አሻንጉሊቷ ትጠጣለች፣ ድመቷም ወደደችም ጠላችም ትጋበዛለች። ሁለት ዓመት ገደማ ላይ ትልቁ ለውጥ ይመጣል። ሲኒ ባይኖርም ቆርኪው ሲኒ ነው፣ በርጩማው ረከቦት ነው፣ አንድ የኮባ ቅጠል ደግሞ የቡና ምጣድ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ድርጊቶቹ ተራቸውን ይዘው ይያያዛሉ፤ መቁላት፣ መውቀጥ፣ መቅዳት፣ ጎረቤት መጥራት። አማርኛም አፋን ኦሮሞም በሚነገርበት ቤት አሻንጉሊቷ በአፋን ኦሮሞ «ኮቱ» (ነይ) ተብላ ተጠርታ፣ አያት «ቡና ጠጡ» ቢባሉ ልጁ ተምታታበት ማለት አይደለም። ማን በምን እንደሚናገር ለይቷል ማለት ነው። ዕድሜዎቹ ግን ግምት ናቸው፤ አንዱ ልጅ ቀደም፣ ሌላው ዘግየት ይላል።

ይህ ሁሉ ለምን የአጥኚዎችን ቀልብ ሳበ? የሥነ ልቦና ተመራማሪው አለን ሌስሊ እ.ኤ.አ. በ1987 ያነሣው ጥያቄ መልሱን ይጠቁማል። ሕፃን ስለ ዕቃዎች ገና እየተማረ ነው፤ እናቱ ሙዝ አንስታ እንደ ስልክ ብታወራበት ሙዝ ምን እንደሆነ ለምን አይጠፋበትም? የሌስሊ ግምት፣ አእምሮው እውነተኛውንና የተመሰለውን ለየብቻ ይይዛቸዋል የሚል ነው። በአንድ ሙከራው ለሁለት ዓመት ልጆች በሁለት ባዶ ሲኒዎች መጠጥ የቀዳ አስመሰለ፤ ከዚያ አንዱን ገልብጦ አራግፎ መለሰው። «ባዶው የትኛው ነው?» ሲባሉ ልጆቹ የተገለበጠውን አሳዩ። ሁለቱም ከመጀመሪያው ደረቅ ነበሩ! ያልነበረው መጠጥ «ፈሷል»፤ በሌላው ሲኒ ያለው ያልነበረ መጠጥ ደግሞ እንዳለ ነው። ሁለት ዓመት ላልዘለለ አእምሮ ይህ ቀላል ሒሳብ አይደለም። ሌስሊ የሌላውን ሰው ሐሳብ የመረዳት ችሎታም ከዚሁ ይነሣል ብሏል፤ በዚህ ግን ሁሉም አልተስማማም።

ክርክሩ እዚህ አያበቃም። እ.ኤ.አ. በ2013 የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ አንጀሊን ሊላርድና ባልደረቦቿ የቀደሙትን ጥናቶች አንድ በአንድ መርምረው፣ ማስመሰል ብልህነትን ወይም የፈጠራ ችሎታን ያመጣል ለማለት ማስረጃው ደካማ መሆኑን ጽፈዋል። ስለዚህ «አእምሮ የሚያሳድግ» ተብሎ በውድ ለሚሸጥ አሻንጉሊት ኪስን ማራቆት አስፈላጊ አይመስለኝም። ጆሮው የተሰበረ የፕላስቲክ ኩባያ ይበቃል።

ከዕቃው ይልቅ የሚያስፈልገው ተቀባይ ሰው ነው። ልጅቱ ባዶውን ሲኒ ስትዘረጋ «ምንም የለውም እኮ» ያለ ሰው ጨዋታውን ገደለው። አያት ግን ተቀብለው ፉት ካሉ በኋላ «የኔ እናት፣ ስኳር አነሰው» ቢሏት፣ ልጅቱ ዞር ብላ ከምንም ላይ በጣቶቿ ቆንጥራ ታመጣለች፤ ታማስላለች፤ «አሁንስ?» በሚል ዓይን ትጠብቃለች። አንዲት ዓረፍተ ነገር ጨዋታውን አንድ እርምጃ ወሰደችው። አዋቂው ከዚህ አልፎ ዳይሬክተር ልሁን ካለ ግን ልጁ ጥሎት ይሄዳል፤ እውነቱን ነው።

ሲኒው የማስመሰል ሊሆን ይችላል፤ ከሰሉ ግን ማስመሰል አያውቅም። የጋለ ጀበናና ፍም ያለበት ምድጃ ልጁ ከማይደርስበት ይቀመጥ። ከቡናው ጋር የሚቀርበው ፈንዲሻና ቆሎ ከአራት ዓመት በታች ላለ ልጅ ጉሮሮ አደገኛ ነው፤ ጥሬ ቡናም እንዲሁ። ቆርኪ ጠርዙ ይቆርጣልና የጠርሙስ ፕላስቲክ ክዳን ይሻላል፤ እሱም ወደ አፍ የማይገባ ትልቅ ከሆነ።

የማስመሰል ጨዋታ በዕድገት መመዘኛዎችም ውስጥ አለ። ዴንቨር 2 በተባለው መመዘኛ አሻንጉሊት ማብላት አንዱ ነጥብ ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንን መመዘኛ ለአካባቢው ልጆች እንዲስማማ አድርገው ዴንቨር 2-ጅማን አዘጋጅተዋል፤ ተገቢም ነው፤ ልጅ ቤቱ ውስጥ አይቶት በማያውቀው ዕቃ ቢመዘን የሚለካው ዕድገቱ ሳይሆን የቤቱ ዕቃ ይሆናል። ከ16 እስከ 30 ወር ላሉ ልጆች የሚውለው ባለ 20 ጥያቄ የኦቲዝም መለያ መጠይቅም ስለ ማስመሰል ይጠይቃል። መጠይቁ የሚያጣራ እንጂ ልጁ ኦቲዝም እንዳለበት የሚወስን አይደለም። ሁለት ዓመት አልፎት ጭራሽ የማያስመስል ልጅ ካለ ጤና ጣቢያ ወስዶ ማሳየት ጥሩ ነው፤ ለባለሙያውም «አይጫወትም» ከማለት ይልቅ ስሙ ሲጠራ ዞር ማለት አለማለቱን፣ የሚፈልገውን በጣቱ ማመልከት አለማመልከቱን፣ ስንት ቃላት እንደሚናገርና ዕቃ ሲሰጠው ምን እንደሚያደርግበት ዘርዝሮ መንገር ይረዳል።