የወንዝ መስመር ማዛወር ምንድን ነው? ማቅናት ግን አይደለም

መንገድ ሊሰፋ ወንዝ ከቦታው ይነሳል በተባለ ቁጥር አንድ አስተያየት ሰጪ አይጠፋም። አባይን ያስቀየሰ አገር ይቺን የሰፈር ጅረት ዞር ማድረግ ያቅተዋል ወይ፣ ቀጥ አድርጎ በሲሚንቶ ቦይ መልቀቅ ነው፣ አለቀ ይላል። ባለፈው ሳምንትም አነበብኩት። ሥራዬ የውሃ ምሕንድስና ነውና ዝም ማለት አልቻልኩም።

አባይ ላይ ግንቦት 20 ቀን 2005 ዓ.ም. የተደረገው ማስቀየስ ነው። ግድቡ የሚያርፍበት ቦታ እንዲደርቅ ውሃው ለጊዜው በጎን በተሠራለት መተላለፊያ ሄደ። ታኅሣሥ 2008 ላይ ተመልሶ በግድቡ ውስጥ በተተወለት መሹለኪያ ማለፍ ጀመረ። እንዲህ ያለ መተላለፊያ ሥራው እስኪያልቅ ከቻለ ይበቃል። የሰፈር ወንዝ ለመንገድ ሲዛወር ግን መመለስ የለም። ውሃው አዲሱ ቦታ ላይ ለዘለቄታው ይኖራል። ድንጋዩን፣ ደለሉን፣ ስንት ዓመት ቆይቶ የሚመጣውን ያንን ክፉ ደራሽ ጭምር ይዞ ነው የሚገባው። ስለዚህ መስመር ማዛወር ማለት የወንዙን ርዝመት፣ ቁልቁለቱንና ሲሞላ የሚሰፋበትን ሜዳ አብሮ ማዛወር ነው። አንዱ ከጎደለ የተሠራው ቦይ ነው።

ሰው በብዛት የሚጥለው ርዝመቱን ነው። መጠማዘዙ ከንቱ የቦታ ብክነት ይመስለዋል። እስቲ ሊማሊሞን አስቡት። ከደባርቅ ወደ ዛሪማ የሚወርደው የድሮው የጣሊያን መንገድ ለምን እንደዚያ ይጠመዘዛል? ከተራራው አናት እስከ ሥሩ ያለው ከፍታ አይቀነስም። የሚቻለው መንገዱን አስረዝሞ ቁልቁለቱን ማለዘብ ብቻ ነው። አሁን አንድ ሰው መጥቶ ይሄ ሁሉ አስፋልት ምን ያደርጋል፣ ቀጥ አድርጉት ቢል ጭነት የያዘ ሾፌር ምን ይለዋል? ወንዝም ጭነት የያዘ መኪና ነው። ጭነቱ ድንጋይና ደለል ነው። ጥምዝምዙ ቁልቁለቱን ያለዝብለታል። በአልጋው፣ ማለትም ውሃው በሚሄድበት የወንዙ ወለል ላይ ያለው ትልልቅ ድንጋይና የዳሩ ዛፍ ሥር ፍሬኑ ነው። ዳርና ዳሩ ያለው ዝቅ ያለ ሜዳ ደግሞ መኪናው ፍሬን ሲበጥስ የሚገባበት ሰፊ ቦታ ነው። እኛ መጥተን ጥምዝምዙን አቀናን፣ ድንጋዩን ለቀምን፣ ሜዳውን ለመንገድ ወሰድን። አልጋውን ሲሚንቶ ስናለብሰው ደግሞ አስፋልቱ ላይ ዘይት እንደማፍሰስ ነው። መኪናው መቆሙ አይቀርም። የሚቆመው ግን እታች፣ ሰው ቤት ላይ ነው። የአዲስ አበባዎቹ ቀበናና ቀጨኔ ወንዞች ከእንጦጦ የሚያወርዱት ውሃ መጨረሻው አባ ሳሙኤል ግድብ ነው። ከዚያ በፊት ግን አቃቂ አለ። ነሐሴ ላይ እዚያ ያደረ ሰው የምለው ይገባዋል።

ቁጥር ላስገባ። አንድ ጅረት 400 ሜትር እየተጠማዘዘ 8 ሜትር ይወርዳል እንበል። ቁልቁለቱ 2 በመቶ ነው። አቅንተን 250 ሜትር ብናደርገው የሚወርደው ያው 8 ሜትር ነው፤ ቁልቁለቱ 3.2 በመቶ ሆነ። የውሃው ጥልቀት እንደነበረ ከቀጠለ ፍጥነቱ በሩብ ያህል ይጨምራል። ሩብ ትንሽ ይመስላል። ውሃ የሚያንከባልለው የድንጋይ ክብደት ግን እንደ ፍጥነቱ አይደለም የሚያድገው። ፍጥነቱ በእጥፍ ቢጨምር የድንጋዩ ክብደት 64 እጥፍ ይሆናል። በሩብ ሲጨምር እንኳ ወደ 4 እጥፍ ይጠጋል። ትናንት 25 ኪሎ ድንጋይ ሲያንከባልል የነበረ ውሃ ዛሬ ኩንታል ያንከባልላል ማለት ነው።

እዚህ ላይ የሙያ ግዴታዬ ሆኖ ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ውሃው ሲፈጥን ጥልቀቱም ስለሚቀንስ እውነተኛው ጭማሪ ከዚህ ያንሳል። ሁለተኛ፣ ይህ ስሌት ለልቅ ድንጋይ ነው። የቦሌና የአቃቂ አካባቢ መረሬ፣ ያ ጥቁሩ ጭቃ አፈር፣ በዚህ ሕግ አይገዛም። በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፣ ከሥሩ ሲቦረቦር ደግሞ ሳይታሰብ በአንድ ጊዜ ይናዳል። የድንጋይ ስሌት ይዞ መረሬ ላይ የሚሠራ መሐንዲስ ያስፈራኛል።

የሊማሊሞ ምሳሌዬ የማይበቃበት ቦታም አለ። መኪና አስፋልቱን እየበላ አይወርድም፤ ውሃ ግን የሚሄድበትን መንገድ ይበላል። ደግሞም ወደ ላይ ነው የሚበላው። ይህን ሰው ሲሰማ አያምንም። የወንዙን አንድ ክፍል ስታሳጥሩት ከላይኛው ጫፉ ላይ ቁልቁለቱ በድንገት ይበረታል። ውሃው እዚያ ላይ አልጋውን ይቆፍራል፤ እንደ ትንሽ ፏፏቴ ያለ ደረጃ ይፈጠራል። ደረጃው በየክረምቱ እየተናደ ወደ ላይ ይሄዳል። ማንም ያልነካው ቦታ ድረስ ይዘልቃል።

ከዓመታት በፊት አንድ ለመንገድ ተብሎ የተቃና ጅረት ለማየት ሄጄ ነበር። የት እንደሆነ ይቅር። የተሠራው ክፍል ያምራል፤ ግንቡ ቀጥ ያለ፣ ጋቢዮኑ (በሽቦ መረብ የታጨቀው ድንጋይ) በደንብ የታሰረ ነው። እኔ ግን ወደ ላይ ወጣሁ። ከ200 ሜትር በኋላ ተቀብሮ የነበረ የውሃ ቧንቧ ከዳር እስከ ዳር አየር ላይ ተንጠልጥሏል። ሃይላንድና ፌስታል ተጠምጥሞበታል። ከጎኑ አንዲት እናት የተናደ አጥራቸውን በቆርቆሮ ሊያስጠጉ ይታገላሉ። «ልጄ፣ የሠሩት እኮ እታች ነው። የእኔ አጥር ለምን ተናደ?» አሉኝ። አፈሩ ላይ በእንጨት እየሳልኩ አስረዳኋቸው። ሰምተው ሲያበቁ፣ ይህን ለሠሩት ሰዎች ነግረሃቸዋል ወይ ብለው ጠየቁኝ።

ይህ የእኛ አገር ጉድለት ብቻ አይደለም። አሜሪካ ሚዙሪ ውስጥ ብላክዋተር የሚባል ወንዝ አለ። እ.ኤ.አ. በ1910 አካባቢ አቀኑት። ከ53 ኪሎ ሜትር በላይ የነበረው ርዝመት 29 ሆነ፤ ቁልቁለቱ እጥፍ ሊሆን ጥቂት ቀረው። ከዚያ ወንዙ ራሱን እየቆፈረ ጠለቀ፣ ዳሩን እየበላ ሰፋ፣ ድልድዮችም ወደቁ። ለመንገድ ብላችሁ ወንዝ የምታቀኑ ሰዎች የመጨረሻዋን ነገር ልብ በሉልኝ። የወደቁት ድልድዮች ናቸው።

መንገዱ አይስፋ እያልኩ አይደለም። የሚሰፋው መንገድ ላይ እኔም እሄድበታለሁ። አዲሱ መስመር በተቻለ መጠን የድሮውን ያህል ይርዘም ነው የምለው። ቦታ ጠፍቶ ካጠረ የጎደለው ርዝመት በደረጃ ይካሳል። ውሃው ሁለት ሦስት ቦታ በድንጋይ ደረጃ ይውረድ፤ ከእያንዳንዱ ደረጃ ሥር ጉልበቱን የሚጨርስበት ገንዳ ይሠራለት። አልጋው ባለ ሁለት እርከን ይሁን፤ መሀሉ ለበጋዋ ቀጭን ውሃ ጠበብ ይበል፣ ዳሩ ለነሐሴ ይስፋ። ቁፋሮው ከጥቅምት በኋላ ይጀመር። ከታችኛው ጫፍ ተነስቶ ወደ ላይ ይቆፈር፤ ውሃው የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው። ዳሩ ላይ የተተከለው ቬቲቨር የሚባለው ሣር ሥር ሳይሰድ ክረምት ከደረሰበት ደግሞ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ፤ እሱም የድሮው አልጋ። መንገዱ የሚያርፈው አብዛኛውን ጊዜ እሱ ላይ ነው። አልጋው ጠጠርና አሸዋ ስለሆነ ከላይ ውሃው ቢዛወርም ከሥር ያለው እርጥበት በዚያው መስመር መሄዱን አያቆምም። በላዩ አፈር ተደልድሎ አስፋልት ይነጠፋል። ከአንድ ሁለት ክረምት በኋላ አስፋልቱ የድሮውን ወንዝ ቅርጽ ይዞ ይሰምጣል። በየዓመቱ እዚያው ቦታ ላይ ጉድጓድ የሚጠግኑት ለዚህ ነው። መድኃኒቱ ውድ አይደለም። አልጋው ከመሞላቱ በፊት ጠጠር የተከበበ ባለቀዳዳ ቱቦ ይቀበርበታል፤ ጫፉም ወደ አዲሱ ወንዝ ይከፈታል። በጥር፣ አንዲት ጠብታ ዝናብ በሌለበት፣ ከዚያ ቱቦ ጫፍ ውሃ ጠብ ጠብ ሲል ካያችሁ ሥራውን እየሠራ ነው።