የሰውነት ምልክቶችን በክፍት ምንጭ ሶፍትዌር መተንተን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

የልብን፣ የጡንቻንና የአንጎልን ኤሌክትሪክ የሚተነትኑ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌሮችን ዛሬ ማንም ሰው አውርዶ መጠቀም ይችላል። በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፉት ኒውሮኪትና ባዮኤስፒፒዋይ ብዙ ዓይነት ምልክቶችን ያስተናግዳሉ። ኤምኤንኢ በዋናነት ለአንጎል ምልክት (ለኤሌክትሪኩ ኢኢጂና ለመግነጢሱ ኤምኢጂ) የተሠራ ነው፤ ደብልዩኤፍዲቢ ደግሞ ከፊዚዮኔት የመረጃ ቋት ጋር አብሮ ያደገ ነው። ስለ አጠቃቀማቸው ከሚነገሩት ውስጥ ውጤት የሚያበላሹትን እምነቶች እዚህ እናነሣለን።

«ፋይሉን ከሰጠሁት ቀሪውን ሶፍትዌሩ ያውቀዋል»

አያውቀውም። ለሶፍትዌሩ የሚደርሰው የቁጥር ዝርዝር ብቻ ነው፤ በሰከንድ ስንት ናሙና እንደተወሰደ ከቁጥሮቹ ሊረዳ አይችልም። የኒውሮኪትም ሆነ የባዮኤስፒፒዋይ የልብ ምልክት መተንተኛ ካልተነገረው በስተቀር 1000 ሄርዝ (በሰከንድ 1000 ናሙና) ነው ብሎ ይጀምራል። መሣሪያው የቀዳው በ250 ሄርዝ ከነበረ እያንዳንዱ ሰከንድ እንደ ሩብ ሰከንድ ይቆጠራል። በደቂቃ 75 ጊዜ የሚመታ ልብ በየ200 ናሙናው አንድ ምት ይሰጣል፤ ሶፍትዌሩ ይህን 200 ሚሊሰከንድ ብሎ ካነበበው በደቂቃ 300 ምት ይሆናል። 300 ቢወጣ እንኳ ደህና ነበር፤ ስህተቱን ማንም ያየዋል። ነገር ግን ምት ፈላጊዎች እጅግ የተቀራረቡ ጫፎችን ስለሚጥሉ ቁጥሩ ወርዶ እውነተኛ ሊመስል ይችላል። የሚያሰጋውም ይኸው ነው።

የመለኪያ አሃድም ተመሳሳይ ጣጣ አለው። ኤምኤንኢ የኢኢጂ ዋጋዎችን የሚጠብቀው በቮልት ነው፤ ብዙ መሣሪያዎች ግን ወደ ጽሑፍ ፋይል የሚያወጡት በማይክሮቮልት ነው። እንዳለ ከገባ ምልክቱ 1 ሚሊዮን ጊዜ ይገዝፋል፤ ከ100 ማይክሮቮልት በላይ የሆነውን ክፍል ጣል የተባለ ትዕዛዝም ቅጂውን ሙሉ በሙሉ ይጥለዋል። መፍትሔው ከማስገባት በፊት በ0.000001 ማባዛት ነው። ኢዲኤፍ የተባለው የሰውነት ምልክት ፋይል ዓይነት ልኬቱንና አሃዱን በራስጌው ስለሚይዝ እዚያ ይህ ችግር እምብዛም አይገጥምም።

ቀላሉ ፍተሻ የ10 ሰከንድ ምልክት በሥዕል አውጥቶ ምቶቹን በዓይን መቁጠርና በ6 ማባዛት ነው። ሶፍትዌሩ ከሰጠው ቁጥር ጋር ካልተቀራረበ ወደሚቀጥለው ደረጃ መሄድ የለብንም።

«ማጣሪያ በበዛ ቁጥር ምልክቱ ይጠራል»

ማጣሪያ የማይፈለጉ ድግግሞሾችን ከምልክቱ ይቆርጣል። ውጤቱ ለዓይን ያምራል፤ ይዞት የነበረው መረጃ ግን ይጎድላል። ፓንና ቶምፕኪንስ በ1985 ያሳተሙት ምት መፈለጊያ ከ5 እስከ 15 ሄርዝ አካባቢ ባለው ክልል ላይ ያተኩራል፤ የኪውአርኤስ (የእያንዳንዱ ምት ሹል ሞገድ) ጉልበት ጎልቶ የሚታየው እዚያ ስለሆነ ነው። በዚህ የተጣራ ሞገድ ምት ለመቁጠር ይበቃል፣ የሞገዱን ቅርጽ ለማንበብ ግን አይሆንም። ለምርመራ የሚነበብ የልብ ምልክት ከ0.05 እስከ 150 ሄርዝ ያለውን ክልል ይፈልጋል። ከ0.5 ሄርዝ በታች ያለውን በተራ አንድ አቅጣጫ ማጣሪያ (ምልክቱን ወደፊት ብቻ በሚያሳልፍ) ከቆረጥን የኤስቲ ክፍል (ከኪውአርኤስ ቀጥሎ ያለው) ሊጣመምና የሌለ የልብ ሕመም ምልክት ሊመስል ይችላል።

አንድ አቅጣጫ ማጣሪያ ሞገዱን በጊዜም ያዘገየዋል። የፓይተን የስሌት ስብስብ በሆነው በሳይፓይ ውስጥ ያለው ፊልትፊልት የተባለ ተግባር ምልክቱን አንዴ ወደፊት፣ አንዴ ወደኋላ በማሳለፍ መዘግየቱን ያጠፋል፤ በዚያው ልክ የማጣሪያው ደረጃ (የመቁረጡ ጥንካሬ) እጥፍ ይሆናል፣ በመቁረጫው ድግግሞሽ ላይ የሚቀነሰውም 3 ዴሲቤል መሆኑ ቀርቶ 6 ይደርሳል። የወደፊቱን ናሙና ስለሚጠቀም በቀጥታ እየተቀዳ ላለ ምልክት አይሠራም። ዝቅተኛ መቁረጫ (ለምሳሌ በ1000 ሄርዝ ቅጂ ላይ 0.05 ሄርዝ) ስንጠቀም ደግሞ ማጣሪያውን በአንድ ረጅም ቀመር ሳይሆን በሁለተኛ ደረጃ ክፍሎች ከፋፍሎ መገንባት ይገባል፤ አለበለዚያ የቁጥር ማጠጋጋት ስህተት ተከማችቶ ውጤቱን ያፈነዳዋል።

ቅደም ተከተሉም ይወስናል፦ መጀመሪያ ረጅሙን ቅጂ ማጣራት፣ ከዚያ መቆራረጥ። ማጣሪያ በጫፍና ጫፍ ላይ የሐሰት ሞገድ ስለሚፈጥር ቀድሞ የተቆራረጠ ቅጂ በየቁራጩ ይበከላል። ኤሌክትሮዱ ተላቆ ወይም ማጉያው ጣራ ነክቶ የጠፋን ምልክት ግን የትኛውም ማጣሪያ አይመልሰውም።

«የታወቀ አልጎሪዝም ስለሆነ ምት አይስትም»

አብዛኛው ምት ፈላጊ የተፈተነው በኤምአይቲ ቢአይኤች የልብ ምት መዛባት ስብስብ ላይ ነው። ስብስቡ ከ47 ሰዎች የተወሰዱ 48 የግማሽ ሰዓት ቅጂዎችን የያዘ ሲሆን የናሙና ፍጥነቱ 360 ሄርዝ ነው። እዚያ ላይ የተገኘ ከፍተኛ ውጤት፣ እየሮጠ ካለ ሰው ደረት በተቀዳ ምልክት ላይ ይደገማል ማለት አይደለም።

አንድ ምት ብቻ ቢሳት ምን እንደሚሆን እናስላው። የ5 ደቂቃ ቅጂ አለን፤ በምቶች መካከል ያለው ጊዜ በአማካይ 800 ሚሊሰከንድ ነው፣ ስለዚህ 375 ያህል ጊዜያት፣ በተከታታይ ጊዜያት መካከልም ያን ያህል ልዩነቶች ይኖሩናል። የተከታታይ ልዩነቶች መለኪያው አርኤምኤስኤስዲ 30 ሚሊሰከንድ ነው እንበል። አንድ ምት ሲሳት ሁለት የ800 ሚሊሰከንድ ጊዜያት ተዋህደው 1600 ይሆናሉ፤ አንዱ ዝላይ 800 ወደ ላይ፣ ሌላው 800 ወደ ታች ይሆናል። ልዩነቶቹ በካሬ ስለሚሰሉ አርኤምኤስኤስዲ ከ30 ወደ 66 ገደማ ይዘላል። ከመቶዎች መካከል አንዲት ምት ውጤቱን ከእጥፍ በላይ አደረገችው። አማካዩ የልብ ምት ግን እምብዛም ስለማይነቃነቅ አማካዩን ብቻ የሚያይ ሰው ስህተቱን አይደርስበትም።

ስለዚህ በምቶች መካከል ያለውን ጊዜ ሁልጊዜ በሥዕል ማየት ያስፈልጋል። ድንገት እጥፍ የሆነ ነጥብ አብዛኛውን ጊዜ የተሳተ ምት ነው፤ ሁለት አጫጭር ነጥቦች አንድ ላይ ሲታዩ ብዙውን ጊዜ ቲ ሞገድ (ከኪውአርኤስ በኋላ የሚመጣው ሞገድ) እንደ ምት ተቆጥሯል። ኒውሮኪት የሚያርም ተግባር አለው፤ ስንት ምት እንደታረመ ግን በሪፖርቱ ውስጥ ሊጻፍ ይገባል።

«የእጅ ሰዓት ብርሃንም ያው የልብ ምልክት ነው»

ዘመናዊ የእጅ ሰዓት ቆዳ ላይ ብርሃን በማብራት የልብ ምትን ይለካል፤ በዕረፍት ላይ አማካይ ምቱ ከኤሌክትሪክ ምልክቱ ጋር ይቀራረባል። ሆኖም ብርሃኑ የሚለካው የደም ሞገድ ቆዳ ዘንድ የደረሰበትን ጊዜ ነው፤ ያ ጊዜ በየምቱ ይለዋወጣል፣ የሞገዱ ጫፍም እንደ ኪውአርኤስ ሹል አይደለም። በሚሊሰከንድ የሚለካ ልዩነት ሲፈለግ ሁለቱን እንደ አንድ መቁጠር ትክክል አይደለም።

«በነጻ የሚወርድ ሁሉ ክፍት ነው፤ ክፍት ከሆነም ለሕክምና ይሆናል»

ዋጋ አለመጠየቅና ኮድን መክፈት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ያለ ክፍያ የሚሰጡ፣ ኮዳቸው ግን የማይታይ ፕሮግራሞች አሉ። የአንጎል ምልክት መተንተኛው ኢኢጂላብ በተቃራኒው ኮዱ ክፍት ነው፣ በተለምዶ የሚሠራበት የስሌት ሶፍትዌር ማትላብ ግን ይገዛል። ኒውሮኪት በኤምአይቲ፣ ኤምኤንኢ በቢኤስዲ ፈቃድ ይሰጣሉ፤ ሁለቱም ፈቃዶች ምንም ዋስትና እንደማይሰጡ በግልጽ ይጽፋሉ። በሽተኛን ለመመርመር የሚውል ሶፍትዌር ለዚያ ዓላማ መፈተንና በተቆጣጣሪ አካል መፈቀድ አለበት፤ ይህን ደግሞ የኮዱ መከፈት ብቻውን አያሟላም።

ለምርምር የሚጠቀሙበት ደግሞ የሶፍትዌሩን የእትም ቁጥር፣ የተመረጠውን ዘዴ ስም፣ የማጣሪያውን ዓይነት፣ ደረጃና መቁረጫ እንዲሁም የናሙናውን ፍጥነት ከውጤቱ ጋር ያስቀምጡ። ነባሪ ቅንብሮች ከእትም ወደ እትም ሊቀየሩ ስለሚችሉ ያው ፋይል በሌላ እትም ላይ ሌላ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል።