ስለ ኒው ኦርደር እና ስለ «ሰብስታንስ» አልበም የሚወሩ ስህተቶች፣ እውነታውስ?

የማንቸስተሩ ባንድ ኒው ኦርደር በኦገስት 1987 «ሰብስታንስ» የሚባል ድርብ አልበም አወጣ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ነጭ ሽፋን፣ ጥቂት ጽሑፍ፣ ሌላ ምንም የለውም። ከእንግሊዝ ውጭ ያለ ብዙ አድማጭ ባንዱን የተዋወቀው በዚህ አልበም ነው። ስለ አልበሙም ሆነ ከጀርባው ስላሉት ሰዎች ግን የተሳሳተ ወሬ ሞልቷል። ሙዚቃውን ከልቡ የሚወድ ሰው ሳይቀር ይደጋግመዋል። እኔን የሚያናድደኝ ወሬው የእነዚህን ሰዎች ልፋት ስለሚያሳንስ ነው። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

«ሰብስታንስ ከድሮ አልበሞች የተለቃቀመ የምርጥ ዘፈኖች ስብስብ ነው»

በብዛት የምሰማው ይህን ነው፤ ከሁሉም ይበልጥ የራቀውም ይኸው ነው።

ዋናው ክፍል 12 ዘፈኖች አሉት። ከእነዚህ ውስጥ 9ኙ መጀመሪያ እንግሊዝ ውስጥ ሲወጡ በየትኛውም የባንዱ አልበም ላይ አልነበሩም። «ሴረመኒ»፣ «ቴምፕቴሽን»፣ «ብሉ ማንዴይ»፣ «ኮንፊውዥን» ሁሉም ብቻቸውን በነጠላ ዜማ የወጡ ናቸው። የቀሩት 3ቱ፣ ማለትም «ዘ ፐርፌክት ኪስ»፣ «ሰብካልቸር» እና «ቢዛር ላቭ ትራያንግል»፣ አልበም ላይ ቢኖሩም «ሰብስታንስ» ላይ የገቡት ለጭፈራ ቤት የተዘጋጁት ሌሎች ቅጂዎቻቸው ናቸው።

ለምን እንዲህ ሆነ? ኒው ኦርደር አልበምንና ነጠላ ዜማን ለያይቶ የሚሠራ ባንድ ነበር። በአልበሞቹ ላይ ጊታሩም ዝምታውም ቦታ ነበረው። ሙከራው የሚካሄደው ግን ባለ 12 ኢንች ሸክላ ላይ ነው። ሸክላው ሰፊ ስለሆነ 7 እና 8 ደቂቃ የሚሄድ ዘፈን ይይዛል፤ ቤዙና ከበሮውም በጉልህ ይሰማል። አልበሞቹን ብቻ ገዝቶ ያዳመጠ ሰው የባንዱን ዋና ሥራ ሳይሰማ ቀርቷል ማለት ነው። ለእኔ «ሰብስታንስ» የኒው ኦርደር ትልቁ አልበም ነው። ስድስት ዓመት በየሸክላው ተበታትኖ የቆየ አልበም።

አልበሙ እንዴት ተጸነሰ የሚለው ታሪክም ደስ ይላል። የአሳታሚው የፋክትሪ ሬከርድስ መሪ ቶኒ ዊልሰን አዲስ ጃጓር መኪና ገዝቶ ነበር አሉ። መኪናው ሲዲ ማጫወቻ ነበረው። ዊልሰንም የኒው ኦርደርን ነጠላ ዜማዎች እየነዳ መስማት አማረው፤ በሲዲ ግን አልነበሩም።

«ዘፈኖቹ እንዳሉ ነው የገቡት»

እንዳሉ የገቡት ሁሉም አይደሉም። «ቴምፕቴሽን» እና «ኮንፊውዥን» በ1987 ለዚህ አልበም ተብለው እንደገና ተቀድተዋል። «ሴረመኒ»ም ሁለት ቅጂ አለው፤ እዚህ የምትሰሙት ሁለተኛው ነው። ሲዲው ላይ ደግሞ ቦታ ስለጠበበ «ዘ ፐርፌክት ኪስ» መጨረሻው ላይ ተቆርጧል።

እኔ የ1982ቱን «ቴምፕቴሽን» እመርጣለሁ። የባንዱ ድምፃዊ በርናርድ ሰምነር እየዘፈነ ሳለ የበረዶ ኳስ በሸሚዙ ውስጥ ከተውበት እንደጮኸ ይነገራል። ጩኸቱም ሸክላው ላይ ቀርቷል። የ1987ቱ የተጣራ ነው፣ ድምፁም ያምራል፤ ያ ሕይወት ግን የለውም። ሁለቱንም አግኝታችሁ ስሙና እናንተው ፍረዱ።

«ኢያን ከርቲስ ሲሞት ጨለማው ባንድ አበቃ፣ በማግስቱ የጭፈራ ባንድ ተወለደ»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም የባንዱ ዕድገት ታሪክ ያለው እዚህ ነው።

ከኒው ኦርደር በፊት ጆይ ዲቪዥን ነበር። ሰምነር እና ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ፒተር ሁክ በጁን 1976 ማንቸስተር ውስጥ የፓንክ ባንዱን የሴክስ ፒስትልስን ኮንሰርት አይተው ባንድ ለማቋቋም ወሰኑ። ድምፃዊው ኢያን ከርቲስና ድራመሩ ስቲቨን ሞሪስ ኋላ ተቀላቀሏቸው። የመጀመሪያው አልበማቸው «አንኖውን ፕሌዠርስ» በ1979 ወጣ። ከርቲስ የሚጥል በሽታ ነበረበት፤ ትዳሩም ተናግቶ ነበር። በሜይ 18 ቀን 1980፣ የአሜሪካ ጉዞ ሊጀምሩ ሲሉ፣ በ23 ዓመቱ ራሱን አጠፋ።

ቀሪዎቹ ሦስቱ ቀድሞ የተስማሙበትን አከበሩ። አንድ ሰው ከጎደለ በዚያ ስም አንቀጥልም ብለው ነበር፤ አልቀጠሉም፤ ኒው ኦርደር ተባሉ። ግን ሙዚቃው በአንድ ሌሊት አልተገለበጠም። የኒው ኦርደር የመጀመሪያ ነጠላ ዜማ «ሴረመኒ» የጆይ ዲቪዥን ዘፈን ነው፤ ግጥሙም የከርቲስ ነው። በጽሑፍ ስላልተገኘ ሰምነር የቀረውን ቅጂ ደጋግሞ እየሰማ ቃላቱን መልቀም ነበረበት። በሞተ ጓደኛ ድምፅ ውስጥ ግጥም መፈለግ ምን ያህል እንደሚከብድ አስቡት።

ማን ይዝፈን የሚለውም ወዲያው አልተፈታም። ሦስቱም ሞከሩ። በ1981 በወጣው «ሙቭመንት» አልበም ላይ ሁክ ሁለት ዘፈን ዘፍኗል። ፕሮዲውሰሩም የጆይ ዲቪዥኑ ማርቲን ሃኔት ነበር፤ ስሜቱም ገና ሐዘን ነው። በ1980 መጨረሻ የተቀላቀለችው ጊሊያን ጊልበርት ኪቦርዱንና ጊታሩን ያዘች። ሰምነርና ሞሪስ ደግሞ ከኤሌክትሮኒክ የሙዚቃ ማሽኖቹ ጋር መታገል ጀመሩ።

ማሽኖቹም ቢሆኑ ከሰማይ አልወረዱም። ከርቲስ ራሱ የጀርመኖቹ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ባንድ የክራፍትወርክ አፍቃሪ ነበር፤ ጓደኞቹንም ያስተዋወቃቸው እሱ ነው። የጆይ ዲቪዥን «አይሶሌሽን» በሲንተሳይዘር የተሠራ ዘፈን ነው፤ የተቀዳውም ከርቲስ በሕይወት እያለ ነው። እሱ ቢኖር ኖሮ ወደ ኤሌክትሮኒክስ አይሄዱም ነበር የሚሉ ሰዎች ይህን ዘፈን ይስሙት። ኋላ ኒውዮርክ ሲመላለሱ የክለቦቹን ሙዚቃ ሰሙ። «ኮንፊውዥን»ንም እዚያው ከፕሮዲውሰር አርተር ቤከር ጋር ሠሩት። «ሰብስታንስ»ን ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው ስትሰሙ ይህ ጉዞ በተራ ይታያችኋል። ከጊታር ወደ ማሽን፣ ከልቅሶ ወደ ጭፈራ። ግን ልቅሶው ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ አያውቅም። የሁክ ቤዝ ጊታር ከፍ ብሎ ዜማውን ሲጫወት ያው የጆይ ዲቪዥን ድምፅ ነው።

«ብሉ ማንዴይ የከርቲስ ሙሾ ነው፤ ባንዱንም ሀብታም አድርጎታል»

ሁለት ስህተት በአንድ ዓረፍተ ነገር።

ከርቲስ የሞተው እሑድ ነው፣ ወሬው የተሰማው ሰኞ ነው፣ ስለዚህ ዘፈኑ ስለ እሱ ነው ይላሉ። የባንዱ አባላት የሚናገሩት ሌላ ነው። በዚያን ጊዜ ኒው ኦርደር ኮንሰርት ካለቀ በኋላ «ይደገም!» ቢባልም ተመልሶ አይጫወትም ነበር፤ ሕዝቡም ይቆጣል። ስለዚህ አንድ ቁልፍ ተጭነው መድረኩን ለማሽኑ ትተው የሚሄዱበት ሙዚቃ ለመሥራት አሰቡ። በአዲሱ ድራም ማሽናቸው የጀመሩት ሙከራ በማርች 1983 ሰባት ደቂቃ ተኩል የሚጠጋ ዘፈን ሆኖ ወጣ። በዓለም ላይ በብዛት የተሸጠው ባለ 12 ኢንች ነጠላ ዜማ እንደሆነም ይነገርለታል።

ገንዘቡስ? ሽፋኑን የሠራው ፒተር ሳቪል የኮምፒውተር ፍሎፒ ዲስክ አስመስሎ ቀዳዳ ቀዳዳ አወጣለት። የባንዱም የዘፈኑም ስም አልተጻፈበትም፤ ጠርዙ ላይ የቀለም ኮድ ብቻ አለ። ይህ ሽፋን በጣም ውድ ስለነበር ፋክትሪ በእያንዳንዱ ሸክላ ላይ ይከስር ነበር ይባላል። ምን ያህል የሚለው ላይ ግን የውስጥ ሰዎቹ ራሳቸው አይስማሙም። ኋላ ቀዳዳ የሌለው ርካሽ ሽፋን መጣ። ከሽፋኑ ይበልጥ ገንዘቡን የበላው ግን በሜይ 1982 የተከፈተው ሃሲየንዳ ክለብ ነው። ፋክትሪና ባንዱ አብረው ነው የከፈቱት። የኒው ኦርደር ገቢ ዓመት ከዓመት ወደዚያ ፈሰሰ። ፋክትሪ በ1992 ከሰረ፤ ክለቡም በ1997 ተዘጋ።

«ያ ታዋቂው ሽፋን የልብ ትርታ ነው»

ጥቁር መደብ ላይ ነጭ ሞገዶች ያሉበትን ቲሸርት በየአገሩ ታዩታላችሁ። የለባሹ ብዛት ከአድማጩ ሳይበልጥ አይቀርም። የ«አንኖውን ፕሌዠርስ» ሽፋን ነው። የልብ ትርታም፣ ተራራም፣ የሙዚቃው የድምፅ ሞገድም አይደለም። ፐልሳር ከሚባል ኮከብ የመጣ የሬዲዮ ምልክት ነው። ኮከቡን በ1967 ያገኘችው ያኔ የካምብሪጅ ተማሪ የነበረችው ጆስሊን ቤል ናት። ሰምነር ሥዕሉን የሥነ ፈለክ መጽሐፍ ላይ አየው፤ ሳቪል ደግሞ ጥቁሩን ነጭ፣ ነጩን ጥቁር አደረገው።

«ምርጥ ዘፈኖች ሲወጡ ባንዱ አልቆለታል ማለት ነው»

ለሌሎች ይሠራ ይሆናል፤ እዚህ ግን አይሠራም። «ሰብስታንስ» መጨረሻ ላይ ያለው «ትሩ ፌይዝ» በ1987 ከፕሮዲውሰር ስቲቨን ሄግ ጋር የተሠራ አዲስ ዘፈን ነበር። እንግሊዝ ውስጥ 4ኛ ደረጃ ደረሰ፤ አሜሪካም ውስጥ ባንዱን ለመጀመሪያ ጊዜ ከምርጥ 40ዎቹ መካከል አስገባው። ከዚያ በኋላ በከፊል ኢቢዛ ላይ የተቀዳው «ቴክኒክ» በ1989 እንግሊዝ ውስጥ አንደኛ ወጣ። በ1990 ደግሞ ከእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ጋር ለዓለም ዋንጫ የሠሩት ዘፈን አንደኛ ሆነ። ሁክ በ2007 ከባንዱ ቢለይም ሌሎቹ ቀጥለው በ2015 «ሙዚክ ኮምፕሊት»ን አወጡ።

«የትኛውም ስብስብ ያው ነው»

ልትገዙ ወይም ኢንተርኔት ላይ ልትሰሙ ከሆነ ተጠንቀቁ። በ1988 የወጣ ሌላ «ሰብስታንስ» አለ፤ እሱ የጆይ ዲቪዥን ነው። የ1994ቱ «ዘ ቤስት ኦፍ ኒው ኦርደር» ወደ ኋለኞቹ ዘፈኖች ያደላል። አንዳንዶቹም በዚያው ዓመት የተነካኩ ቅጂዎች ናቸው፤ «ብሉ ማንዴይ»ም የ1988ቱ ሪሚክስ ነው። በ2011 የወጣው «ቶታል» ሁለቱን ባንዶች በአንድ ሲዲ ላይ ያገናኛል፤ ለቅምሻ ጥሩ ነው። ለጀማሪ የምመክረው ግን የ1987ቱን ነው። በነጠላ ዜማዎቹ ሸክላ ጀርባ የወጡትን ዘፈኖች የያዘውን ሁለተኛ ሲዲም እንዳትዘሉት።